የመርከበኛ ሥራ በምን ይለካል? ስለ ጦር መርከብ የሰዓት ሚዛን የቀረበ ሒስ

የፋብሪካ ሠራተኛ ምን ያህል እንደ ሠራ ለማወቅ የፈለገ ሰው ማታ ወደ መጋዘኑ ገብቶ የተሸመነውን ጨርቅ መቍጠር ይችላል። ገበሬም ምን ያህል እንደ ደከመ አውድማው ይመሰክርለታል። የጦር መርከብ ግን ወደ ገበያ የሚወጣ ዕቃ አትሠራም። ጦርነት ከሌለ የመርከበኞቿ የድካም ፍሬ በዐይን አይታይም፤ የሚታየው ሌሊቱን በደኅና አልፋ ወደብ መግባቷ፥ ሞተሯ አለመቆሙ፥ መድፏ አለመዛጉ ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ኃይሎች ዘንድ የሥራን ፍሬ መለካት ከቀድሞ ጀምሮ አስቸጋሪ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል። ፍሬው ለመለካት ሲያስቸግር ደግሞ ሰዎች በቀላሉ የሚቈጠረውን መለካት ይቀናቸዋል፤ ይኸውም ሰዓትን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከበኞቹን ሥራ የለካበትን መንገድና በዚያው ልክ መሠረት ያደረገውን የሰው ቅነሳ መመርመር ነው። ከሌሎቹ ይልቅ የአሜሪካን የመረጥንበት ምክንያት ሰንጠረዡም፥ ስሕተቱም፥ የስሕተቱም ምርመራ በመንግሥት ጽሑፎች ለሕዝብ የቀረበ ስለ ሆነ ነው። ክርክራችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰዓት መቍጠር ሥራን መለካት አይደለም፤ ሠራተኛ መቀነስም ሥራ መቀነስ አይደለም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ — ጥሩ መለኪያ ምን ይመስላል?

ነቀፌታ ከመጀመራችን በፊት በደንብ የተለካ ሥራ ምን እንደሚመስል ማየት ይገባል። በ1898 ፐርሲ ስኮት የተባለው የእንግሊዝ መኰንን «ሲላ» የተባለችው መርከብ አዛዥ ነበረ። ባሕሩ በተናወጠ ቀን መድፈኞቹ ሲለማመዱ ቢመለከት፥ መርከቧ ስትወዛወዝ ዒላማው ከብዙዎቹ ዐይን እየጠፋ ሲቸገሩ አንዱ ተኳሽ ብቻ ከሁሉ አብልጦ ሲመታ አየ። ይህ ሰው ማንም ሳያስተምረው የመድፉን ማንሻ መዘውር ከመርከቧ መወዛወዝ ጋር እያስማማ ያዞር ነበር። ስኮት ሰውየውን አመስግኖ ዝም አላለም። አንዱ በራሱ ብልኀት ያገኘውን ሌሎቹም እንዲያደርጉት የመዘውሩን ጥርስ ለወጠ፤ የተሻለ መነጽር በመድፉ ላይ አደረገ፤ ለመለማመጃ የሚሆን መሣሪያም ፈጠረ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1899፥ በተደረገው የተኩስ ውድድር «ሲላ» ከተኰሰቻቸው 70 ጥይቶች 56ቱ፥ ማለት ከመቶ 80ው፥ ዒላማውን መቱ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ የተለካው ፍሬው ነው፤ ተኳሹ ስንት ሰዓት ቆመ ሳይሆን ስንት ጊዜ መታ የሚለው ነው። ሁለተኛ፥ የተለካው ሥራው በሚሠራበት ስፍራ፥ በሚናወጠው ባሕር ላይ ነው። ሦስተኛ፥ በተኳሾቹ መካከል ልዩነት በተገኘ ጊዜ አዛዡ «ማን ሰነፈ?» ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው «ይህ ሰው በምን ዘዴ በለጠ?» ብሎ ነው።

ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ምን እንደሚሆን የዊልያም ሲምስ ታሪክ ያሳያል። ሲምስ የአሜሪካ መኰንን ሲሆን በ1900 በቻይና ባሕር ከስኮት ጋር ተዋውቆ ዘዴውን ተማረና ወደ ዋሽንግተን ደጋግሞ ጻፈ። የታሪክ ሊቁ ኤልቲንግ ሞሪሰን እንደሚተርከው፥ የመሣሪያ ክፍሉ ሹማምንት ነገሩን በባሕር ኃይሉ ግቢ ውስጥ በደረቅ መሬት ላይ ፈተኑትና የሰው ጕልበት ሊያደርገው አይችልም ብለው ፈረዱ። ነገር ግን በመርከብ ላይ ያለ መድፍ መርከቧ ከሥሩ ስትወዛወዝ እርሱ ባለበት የመቈየት ባሕርይ ስላለው ተኳሹን ያግዘዋል፤ በመሬት ላይ ያለው ግን በጕልበት ብቻ መነሣትና መውረድ አለበት። ሹማምንቱ አልለኩም ሊባሉ አይችሉም፤ ለክተዋል። ቍጥራቸውም ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ ቍጥሩ የተወሰደበት ስፍራ ነበር። ሲምስ በ1901 በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጽፎ በ1902 የተኩስ ልምምድ ተቈጣጣሪ ሆኖ እስኪሾም ድረስ ዘዴው በአገሩ ተቀባይነት አላገኘም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1907 ስኮት የመርከቦች ጓድ አዛዥ ሆኖ ሳለ፥ የበላዩ ሎርድ ቻርልስ ቤሬስፎርድ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሊጐበኙ ስለሚመጡ መርከቦቹ ሁሉ ቀለም እንዲቀቡ አዘዘ። ከመርከቦቹ አንዷ የተኩስ ልምምዷን እንድትቀጥል ፈቃድ ብትጠይቅ፥ ስኮት ከተኩስ ይልቅ ቀለም የተፈለገ ይመስላል የሚል ሽሙጥ ያለበት መልእክት አስተላለፈላት፤ ከዚህም ትልቅ ጠብ ተነሣ። በበላይ ላይ ማሾፍ የሚመሰገን ባይሆንም፥ ነገሩ በአንድ ባሕር ኃይል ውስጥ ሁለት መለኪያዎች ሲጋጩ ያሳያል። ቀለም ከሩቅ ይታያል፤ የተኳሽ ችሎታ ግን ካልተፈተነ አይታይም። የሚታየው የማይታየውን ሲገፋው ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

፪ — የሳምንቱ ሰንጠረዥ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአንድ መርከብ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ሲወስን አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በሳምንት ውስጥ በመርከቧ ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ በሰዓት ይተመናል፤ የዘብ ጥበቃው፥ የታቀደው ጥገና፥ የተሰበረውን መጠገኑ፥ ጽዳቱ፥ ወጥ ቤቱ፥ ጽሕፈቱ ሳይቀር። ቀጥሎ ይህ ድምር አንድ መርከበኛ በሳምንት ይሰጣል ለተባለው የሥራ ሰዓት ይካፈላል። የሚገኘው ውጤት የሰዎቹ ቍጥር ይሆናል።

ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ሰንጠረዥ የሳምንቱን 168 ሰዓት እንዲህ ይከፍለው ነበር፤ ለእንቅልፍ 56፥ ለምግብ 14፥ ለግል ጉዳይ 14፥ ለእሑድ ዕረፍት 3፤ የቀረው 81 ሰዓት ለሥራ። ከ81ዱ 7ቱ ለትምህርት፥ 4ቱ ለሰልፍ፥ ለስብሰባና ይህን ለመሳሰለው ሲሄድ፥ 70ው ፍሬ ያለው ሥራ ይባላል። ከ70ው ደግሞ 56ቱ የዘብ ጥበቃ ሲሆን ለሌላው ሥራ ሁሉ የሚተርፈው 14 ሰዓት ነው።

ይህ ሰንጠረዥ ላይ ላዩን ሲያዩት ደግ ይመስላል፤ በቀን 8 ሰዓት እንቅልፍ ይሰጣልና። ነገር ግን ለአሜሪካ ምክር ቤት የመንግሥትን አሠራር የሚመረምረው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2017 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፥ ባሕር ኃይሉ ራሱ በ2014 ባደረገው ጥናት በአጥፊ መርከቦች ላይ ያሉ መርከበኞች በሳምንት 108 ሰዓት በሥራ ላይ ሆነው ተገኝተዋል። ፍሬ ያለው የተባለው ሥራ ብቻ 90 ሰዓት ነበር፤ ማለት ከሰንጠረዡ በ20 ሰዓት ይበልጣል። አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ከ168 ላይ 108 ሲቀነስ 60 ይቀራል። መርከበኛው በሰንጠረዡ የተፈቀደለትን 56 ሰዓት ቢተኛ፥ ለሰባት ቀን ምግብ፥ ለመታጠብ፥ ለልብስና ለቤተ ሰብ ደብዳቤ 4 ሰዓት ብቻ ይተርፈዋል። በ4 ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ የሚበላና የሚታጠብ ሰው ስለሌለ፥ የጐደለው ከእንቅልፉ ተወስዷል ማለት ነው።

ማካፈሉ የሚያመጣውን ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመርከቧ ሥራ በሳምንት 21,000 ሰዓት ነው ቢባል ለ70 ሲካፈል 300 ሰው ይበቃል። እነዚህ 300 ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው 90 ሰዓት ከሠሩ፥ የተሠራው ሥራ 27,000 ሰዓት ነው። ይህን በ70 ሰዓት ለመሥራት 386 ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚህ ምሳሌ 86 ሰዎች ጐድለዋል፤ የእነርሱን ሥራ የሚሠራው የቀሩት 300 ሰዎች እንቅልፍ ነው። በወረቀቱ ላይ ግን ማንም አልጐደለም።

ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያመለከተው ሌላ ጕድለትም አለ። መርከቧ በወደብ በቆመችበት ጊዜ ያለው ሥራ በሥርዓት አይለካም ነበር። ወደብ መግባት ዕረፍት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙው ጥገና፥ ምርመራና ስንቅ መጫን የሚደረገው በወደብ ነው።

እስከዚህ ያለው ነቀፌታ የመሥሪያ ቤቱ ነው። በእኛ አስተያየት ግን መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ወደ ነገሩ ሥር አልደረሰም። ሰንጠረዡ ሊታረም የሚገባው 70ው ቍጥር ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ሰዓት ከሌላው ሰዓት ጋር እኩል ስለሚያደርግ ነው። ከጥሩ እንቅልፍ በኋላ የተሠራ የጧት ሰዓትና ከሌሊት ዘብ በኋላ የተሠራ ሰዓት በሰንጠረዡ አንድ ናቸው። 90 ሰዓት የሠራ መርከበኛ 70 ሰዓት ከሠራው በ20 ሰዓት የበለጠ ፍሬ እንደ ሰጠ ይቈጠራል። ነገር ግን ደክሞ ያጠበቀው ብሎን በሚቀጥለው ሳምንት ሊላላ ይችላል፤ ያን ጊዜ እንደገና ማጥበቁ ሌላ «ፍሬ ያለው» ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ስሕተት ራሱ ሥራ ሆኖ ይቈጠራል።

የአገራችን ገበሬ በዚህ ነገር ከመርከብ ሊቃውንት የተሻለ ሚዛን ነበረው ብንል ማጋነን አይሆንም። መሬቱን በጥማድ ይለካል፤ ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በዚህ መለኪያ ውስጥ የሥራው ፍሬና የቀኑ ልክ አብረው አሉ። ገበሬው በሬዎቹን የሚፈታበትን ጊዜ ያውቃል፤ ዛሬ ሌሊቱን ጨምሮ ቢያርስ ነገ በሬው እንደሚለግምበትም ያውቃል። ዕረፍቱ ከመለኪያው ውጪ የተደረገ ችሮታ አይደለም፤ የመለኪያው ክፍል ነው።

፫ — ሠራተኛ መቀነስና ሥራ መቀነስ

ከ2003 እስከ 2012 የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ተስማሚ የሰው ምደባ» ብሎ በሰየመው ዕቅድ የብዙ መርከቦችን ሰው ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ደመወዝ፥ ቀለብና ጡረታ ከመርከብ ወጪ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። አዲስ መሣሪያም ስለ ገባ በጥቂት ሰው ብዙ መሥራት ይቻላል ተባለ።

ሐሳቡ በራሱ ስሕተት አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኋላ ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ሲዛወር፥ ከሰል በአካፋ ወደ እሳት ይጨምሩ የነበሩት እጅግ ብዙ ሰዎች አላስፈለጉም። መርከበኞቹን ሁሉ ጥቁር አስመስሎ ቀኑን ሙሉ ያደክም የነበረው ከሰል የመጫን ሥራም ቀረ። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የጠፋው ሥራው ነው፤ ሠራተኛው የቀነሰው በኋላ ነው። እውነተኛ የሥራ መሻሻል ማለት ይህ ነው።

በ2003 በተጀመረው ዕቅድ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ነበር። ሰው ወጣ፤ ዝገቱ፥ ቀለሙ፥ ፓምፑና መዝገቡ እንዳለ ቀረ። በ2010 በአድሚራል ፊሊፕ ባሊስል የተመራው መርማሪ ቡድን የሰው ቅነሳው፥ የሥልጠናው ማነስና የጥገናው መጓደል ተደራርበው የመርከቦቹን ይዞታ እንዳበላሹት ገልጿል። ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በ2017 ጽሑፉ በደመወዝ የተገኘው ቍጠባ በጥገና ወጪ መጨመር እንደ ተዋጠ አሳይቷል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችን እንዲህ ላለው ሒሳብ የተተረተ ይመስላል።

በባሕር ዳርቻ አካባቢ እንዲዋጉ የተሠሩት አዲስ ትናንሽ መርከቦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ሲታቀዱ ዋናው ሠራተኛ 40 ሰው ብቻ እንዲሆን ነበር፤ በኋላ ወደ 50 ከፍ ተደረገ። ከእነርሱ አንዷ «ፍሪደም» በ2013 ወደ ሲንጋፖር በተላከች ጊዜ ሰዎቿ በቀን በአማካይ 6 ሰዓት ያህል ይተኙ እንደ ነበረ ተመዝግቧል። የሰው መኝታ ሳይኖራት የተሠራች መርከብ በኋላ ሰው ቢያስፈልጋት የት ታስተኛዋለች? የሰንጠረዥ ስሕተት በብረት ከተሠራ በኋላ ማረሙ ከባድ ነው።

፬ — እንቅልፍ እንደ ስንቅ

በ2017 ሁለት የአሜሪካ አጥፊ መርከቦች በሰላም ጊዜ ከንግድ መርከቦች ጋር ተጋጩ። ሰኔ 17 ቀን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ «ፊትዝጄራልድ» በጃፓን አጠገብ ስትጋጭ 7 መርከበኞች ሞቱ። ነሐሴ 21 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ24 ደቂቃ «ጆን ማኬይን» በሲንጋፖር አጠገብ ስትጋጭ 10 ሞቱ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 17 ሰዎች ያለ ጠላት ጥይት ጠፉ።

ለዚህ ሁሉ ድካም ብቻ ምክንያት ነው ማለት ትክክል አይሆንም። የአሜሪካ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ ስለ «ማኬይን» በ2019 ባወጣው ጽሑፍ ዋናው ምክንያት የባሕር ኃይሉ ቍጥጥር ማነስ፥ ከዚህም የመጣው የሥልጠና ጕድለትና የመሪ ክፍሉ አሠራር አለመስተካከል መሆኑን ገልጿል። ከመሪው ክፍል ሰዎች አንዳንዶቹ ከሌላ መርከብ በጊዜያዊነት የመጡና መሣሪያውን በደንብ ያልተማሩ ነበሩ። መሪውና የፍጥነት መቈጣጠሪያው በጣት በሚነካ መስተዋት ላይ ተደርጎ ስለ ነበረ፥ መቈጣጠሪያው ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲዛወር መሪው የተበላሸ መሰላቸው። ከዚህ ጋር ግን ቦርዱ በመሪው ክፍል የነበሩት ሰዎች ከአደጋው በፊት ባለው 24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 4.9 ሰዓት ብቻ እንደ ተኙ ጽፏል። ግራ የሚያጋባ መሣሪያ ነቅቶ ለተቀመጠ ሰው አስቸጋሪ ነው፤ ላልተኛ ሰው ግን ወጥመድ ነው።

ድካም የሚለካ ነገር መሆኑም የታወቀ ነው። ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እንዳሳዩት፥ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቈየ ሰው ችሎታው በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። መርከበኛ ጠጥቶ ዘብ ቢቆም ይቀጣል፤ ሳይተኛ ዘብ ቢቆም ግን ትጉህ ይባል ነበር።

በሞንተሬይ ባለው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ኒታ ሻታክና ባልደረቦቿ በመርከበኞች እጅ ላይ እንቅልፍ መዝጋቢ መሣሪያ በማሰርና የንቃት ፈተና በመስጠት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ጥናታቸው የዘብ ተራ አከፋፈልን ይመለከታል። በቀድሞው ልማድ መርከበኛው 5 ሰዓት ዘብ ቆሞ 10 ሰዓት ከዘብ ነጻ ይሆናል። 15 ሰዓት ለ24 በትክክል ስለማይገባ የመኝታው ሰዓት በየቀኑ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን በቀን፥ አንድ ቀን በሌሊት ይተኛል። በሌላው አከፋፈል 3 ሰዓት ቆሞ 9 ሰዓት ያርፋል፤ ይህ በየ12 ሰዓቱ ስለሚዞር መኝታው በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ይውላል። በሁለተኛው አከፋፈል ያሉት የተሻለ ተኝተው፥ የተሻለም ነቅተው ተገኙ። ከ2017 አደጋዎች በኋላ የላይ ባሕር መርከቦች አዛዥ የሰውን የተፈጥሮ ሰዓት የሚከተል የዘብ ተራ እንዲደረግ አዘዘ።

ጥናቱ የሚመሰገን ቢሆንም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 5 ሰዓት ቆሞ 10 የሚያርፈው በሳምንት 56 ሰዓት ዘብ ይቆማል፤ 3 ቆሞ 9 የሚያርፈው ግን 42 ሰዓት ብቻ ነው። የመጀመሪያው በሦስት ቡድን፥ ሁለተኛው በአራት ቡድን ይሠራልና። ስለዚህ መሻሻሉ የመጣው ከመኝታው መደበኛነት ነው ወይስ ከዘቡ ማጠር የሚለው በጥንቃቄ መለየት አለበት። ከዚህም የሚከተለው ፍርድ ቀላል አይደለም፤ አራተኛ ቡድን ለማቆም በቂና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ሰው በጐደለበት መርከብ ላይ የተሻለ የዘብ ተራ ማዘዝ፥ ዱቄት ሳይሰጡ እንጀራ ጋግሩ እንደ ማለት ነው። ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ጽሑፍ፥ በኅዳር 2020 በመርከቦች ላይ የተመደበው ሰው ከሚያስፈልገው በአማካይ 15 ከመቶ ያህል ጐድሎ መገኘቱንና 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚተኙት መኰንኖች በግምት 14 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ትእዛዙ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

፭ — ተቃውሞና መልስ

የሰንጠረዡ ወዳጆች የሚያቀርቡት ተቃውሞ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ገንዘብ ውስን ስለ ሆነ ሰው በዘፈቀደ ሊጨመር አይችልም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በሰው የተቈጠበው በጥገና ተከፍሏል። ሁለተኛው፥ ጦርነት 8 ሰዓት እንቅልፍ አይሰጥም፤ መርከበኛ መከራን መልመድ አለበት የሚል ነው። ይህም ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጕልበት እንደ ስንቅ ነው፤ በሰላም ጊዜ ለቀለም መፋቅና ለቅጽ መሙላት ካለቀ ለመከራው ቀን አይኖርም።

የመከራው ቀን ደግሞ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሚያዝያ 14 ቀን 1988 «ሳሙኤል ሮበርትስ» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ፈንጂ መታትና ጐኗ ተቀደደ። ሰዎቿ ለብዙ ሰዓት ውሃውንና እሳቱን ታግለው ከመስጠም አዳኗት፤ አንድም ሰው አልሞተም። በዚያ ሌሊት የተደረገው ሥራ በምን ሰንጠረዥ ይመዘገባል? የዘወትሩን ሥራ ብቻ በሰዓት ለሚቈጥር ሰው ከእነዚያ እጆች ብዙዎቹ ትርፍ ይመስሉ ነበር።

እንግዲህ ምን ይሻላል? በእኛ አስተያየት አራት ነገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ፥ በሰዓት ፈንታ ፍሬ ይለካ፤ የተጠገነው መሣሪያ ስንት ጊዜ ሳይበላሽ ቈየ፥ ውሃ ገባ ተብሎ በልምምድ ሲጮኽ በስንት ደቂቃ ተዘጋ፥ በዘብ ጊዜ ስንት ስሕተት ታየ የሚለው ይመዝገብ። ሁለተኛ፥ የእንቅልፍ ልክ እንደ ነዳጅና እንደ ጥይት በየቀኑ ለአዛዡ ይቅረብ። ሦስተኛ፥ ሰው ከመቀነሱ በፊት የሚቀነሰው ሥራ በስም ይጠቀስ፤ ሊጠቀስ ካልቻለ ሰውም አይቀነስ። አራተኛ፥ እውነተኛውን ሰዓት የጻፈ መርከበኛ እንደ ሰነፍ አይታይ። አለቃው 70 ብሎ እንዲጽፍ እንደሚፈልግ ያወቀ ሰው 90 ሠርቶ 70 ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥናት ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው።

ይህ ጉዳይ የባሕር በር ላላቸው አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። አገራችን በ1955 ባሕር ኃይል አቋቁማ፥ ከ1962 ጀምሮ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን ከአሜሪካ የተገኘች መርከብ ይዛ፥ በ1996 ባሕር ኃይሉ ከፈረሰ በኋላ በ2018 እንደገና ለማቋቋም ማሰቧን አስታውቃለች። መርከብ ከውጭ የሚያመጣ አገር ከመርከቡ ጋር የሰው ሰንጠረዡንም ያመጣል። መርከቡን ሲረከቡ ሞተሩን ፈትቶ መመርመር ልማድ ነው፤ ሰንጠረዡም እንደዚያው ተፈትቶ ሊመረመር ይገባል። መመርመሪያው ጥያቄም አንድ ነው፤ ይህ ቍጥር የተለካው በባሕር ላይ ነው ወይስ በደረቅ መሬት?